«ደረጃ 3» ተብሎ ወደ ሶዶ መመለስ

ከወላይታ ሶዶ ተነሥቶ ልጁን ለማስመርመር አዲስ አበባ የሚሄድ ወላጅ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። የመኪናውን፣ የማደሪያውንና የምርመራውን ይከፍላል፤ የዕለት ሥራውን ያቋርጣል፤ የቀሩትን ልጆች ለዘመድ አደራ ይሰጣል። ተሳክቶለት የሕጻናት አእምሮ ሐኪም ፊት ከቀረበ፣ ይዞት የሚመለሰው ወረቀት ላይ «ኦቲዝም» ከሚለው ቃል አጠገብ ቁጥር ሊጻፍበት ይችላል፦ ደረጃ 1፣ ደረጃ 2 ወይም ደረጃ 3። ሶዶ መናኸሪያ ሲወርድ ያንን ቁጥር ለማን ያሳየዋል? ለቀበሌው ሊቀ መንበር? ለርእሰ መምህሩ? ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ? ቁጥሩን ተቀብሎ «እንግዲያው ለዚህ ልጅ ይህን ያህል ድጋፍ ይገባዋል» የሚል አሠራር ገና አልተዘረጋም።

ደረጃ መስጠት ክፉ ነው አልልም። የምለው፣ ቁጥሩን ከውጭ መመሪያ ቀድተን ከመለጠፋችን በፊት ልጁ የሚፈልገውን የድጋፍ ዓይነት፣ የሚወስደውን ሰዓትና የሚሰጠውን ሰው ለይተን እንጻፍ ነው። ይህ ሳይቀድም የሚመጣ ቁጥር በእኛ አገር ልጁን ለመተው ምክንያት ሆኖ ያርፋል።

የደረጃዎቹ ታሪክ ረጅም አይደለም። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር የምርመራ መመሪያውን አምስተኛ እትም ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ በፊት ኦቲዝም፣ አስፐርገርና ሌላም እየተባሉ በየራሳቸው ይጠሩ የነበሩ ሁኔታዎች በዚህ እትም በአንድ ስም ተጠቃለሉ። ስሙ ሲሰፋ ታዲያ ችግር መጣ። በዩኒቨርሲቲ የሚማር ወጣትና ቃል ከአፉ ወጥቶ የማያውቅ፣ ለብቻው መጸዳዳት የማይችል ጎልማሳ በአንድ መጠሪያ ተጠሩ። ልዩነታቸውን ለማሳየት ሦስት ደረጃዎች ተጨመሩ፦ ድጋፍ የሚያስፈልገው፣ ከፍተኛ ድጋፍ የሚያስፈልገው፣ እጅግ ከፍተኛ ድጋፍ የሚያስፈልገው።

ደረጃው ከመጽሐፉ ወጥቶ ወደ ሰው አፍ ሲገባ ግን ሁለት ነገር ይጎድልበታል። መመሪያው ለአንድ ልጅ የሚሰጠው ደረጃ አንድ ብቻ አይደለም። ከሰው ጋር ለመግባባት ለሚያስፈልገው እገዛ አንድ፣ ለሚደጋግማቸው ነገሮችና ለውጥን ለመቀበል ላለበት ችግር ደግሞ ሌላ ይሰጣል፤ ሁለቱ ላይገጥሙ ይችላሉ። ደግሞም መመሪያው ራሱ ደረጃው እንደ ቦታውና እንደ ጊዜው እንደሚለዋወጥ፣ አገልግሎት ለመስጠትና ለመከልከልም መለኪያ መሆን እንደሌለበት በግልጽ ያስጠነቅቃል። ይህ ማስጠንቀቂያ ከቁጥሩ ጋር አብሮ አይጓዝም።

ሁሉም በዚህ መንገድ አልሄደም። እ.ኤ.አ. በ2022 ሥራ ላይ የዋለው የዓለም ጤና ድርጅት 11ኛው የበሽታዎች ምደባ እነዚህን ሦስት ደረጃዎች አልወሰደም፤ የሚጠይቀው የአእምሮ እድገት ውስንነት አብሮ መኖር አለመኖሩንና ልጁ ቋንቋን ምን ያህል እንደሚጠቀም ነው። በ2021 ደግሞ በላንሴት የሕክምና መጽሔት ሥር የተቋቋመ ኮሚሽን፣ ቀንና ሌሊት አዋቂ ሰው ሊለያቸው ለማይገባ፣ የማይናገሩ ወይም ከባድ የአእምሮ እድገት ውስንነት ላለባቸው ከ8 ዓመት በላይ ለሆኑ ሰዎች «ጥልቅ ኦቲዝም» የሚል መጠሪያ አቀረበ። ኦቲዝም ካላቸውና ስለራሳቸው ከሚናገሩ ሰዎች ብዙ ተቃውሞ ገጠመው፤ ብዙ ወላጆች ግን በሰፊው ስም ውስጥ ጠፍተውባቸው የነበሩ ልጆቻቸው መታየታቸውን ወደዱት። እኔ በዚህ ክርክር ለወላጆቹ አደላለሁ። ሌሊቱን የማይተኛ ልጅ ያላት እናት ከሁሉ በፊት የምትፈልገው ሌሊቱን የሚያይላት ሰው ነው።

ከኦቲዝም ወጣ ብሎ ማየትም ይጠቅማል። ሴሬብራል ፓልሲ ለሚባለው፣ እንቅስቃሴን ለሚያውከው የአንጎል ጉዳት በ1997 በካናዳ የተዘጋጀው ባለ አምስት ደረጃ ምደባ ልጁ ያለ እገዛ ይሄድ እንደሆነ፣ ምርኩዝ ይዞ ይሄድ እንደሆነ፣ ወይም በተሽከርካሪ ወንበር ሰው ሊገፋው ይገባ እንደሆነ ይናገራል። ደረጃውን የሰማ ሰው የጎደለውን ዕቃ ወዲያው ያውቃል። የአእምሮ እድገት ውስንነት ላይ የሚሠራው የአሜሪካ ማኅበርም በ1992 ቀላል፣ መካከለኛ፣ ከባድ የሚለውን ምደባ ትቶ ድጋፉን መመደብ ጀመረ፦ አልፎ አልፎ፣ ውስን፣ ሰፊና የማያቋርጥ። በ2004 የወጣው መለኪያ ደግሞ ስለ እያንዳንዱ የኑሮ ተግባር ሦስት ጥያቄ ያነሣል። እርዳታው በምን ያህል ጊዜ አንዴ ያስፈልጋል? ሲያስፈልግ ስንት ሰዓት ይወስዳል? ዓይነቱ ምንድን ነው፣ በቃል ማስታወስ ነው ወይስ እጅ ይዞ ማሠራት? እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ለመጠየቅ የአእምሮ ሐኪም መሆን አያሻም። አሥረኛ ክፍል የጨረሰች የቀበሌ ባለሙያም በደንብ ትጠይቃቸዋለች።

በኢትዮጵያ የኦቲዝም ነገር ሲነሣ የወይዘሮ ዘሚ የኑስ ስም ይቀድማል። በውበት ሙያ የሚታወቁት ዘሚ ኦቲዝም ያለውን ልጃቸውን የሚቀበል ትምህርት ቤት ቢያጡ፣ በ2002 በኒያ ፋውንዴሽን ሥር ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን አዲስ አበባ ላይ ከፈቱ። በ2021 እስኪያርፉ ድረስ በየመገናኛ ብዙኃኑ ቀርበው ልጆቻችንን አትደብቁ ሲሉ ኖረዋል። በኋላ የመጣው ነህምያ የኦቲዝም ማዕከልም በወላጅ ጥረት የቆመ ነው፤ እርሱም አዲስ አበባ ነው። ወላይታ ላለ ቤተሰብ ሁለቱም ሩቅ ናቸው። ማዕከል ስለ መክፈት ብቻ የምናወራ ከሆነ ደግሞ ሶዶ ላይ አንድ ቢከፈት እንኳ ለቦዲቲ፣ ለአረካና ለሁምቦ ገጠር ሩቅ ሆኖ ይቀራል።

ስንት ልጆች ናቸው? የ2007 የሕዝብ ቆጠራ በአገሪቱ አካል ጉዳት ያለባቸውን ሰዎች ወደ 1 በመቶ ገደማ ነው ያገኘው። የዓለም ጤና ድርጅት የሚለው ግን ከዓለም ሕዝብ 16 በመቶው ነው። በዚህ ልዩነት መካከል የተደበቁ፣ ያልተጠየቁ፣ ተጠይቀውም ያልተመዘገቡ ሰዎች አሉ። ኦቲዝምን ብቻ ብንወስድ ድርጅቱ በ2022 የጠቀሰው ዓለም አቀፍ ግምት ከ100 ሕጻናት 1 ያህል ነው። ያ ግምት ለወላይታም ይሠራል ብንል፣ 1 ሺህ ልጅ በሚኖርበት ሰፈር 10 ልጆች አሉ ማለት ነው። ዳውን ሲንድሮም ያለባቸው፣ ሲወለዱ በመታፈን ወይም በማጅራት ገትር የተጎዱ፣ የሚጥል በሽታ ያለባቸው ገና አልተቆጠሩም።

የመደበቁን ነገር በሚመለከት በ2016 የታተመ ጥናት አለ። አዲስ አበባ ወደሚገኙ ሁለት የሕጻናት አእምሮ ጤና ክሊኒኮች የመጡ 102 አሳዳጊዎች ተጠይቀው፣ 45 በመቶ ያህሉ በልጃቸው ሁኔታ እንደሚያፍሩ፣ ከአራት አንድ በላይ የሚሆኑትም ነገሩ እንዳይታወቅ እንደሚጥሩ ተናግረዋል። እነዚህ እንግዲህ እፍረታቸውን አሸንፈው ክሊኒክ የደረሱት ናቸው። በር ዘግተው የቀሩትን ማንም አልጠየቃቸውም።

እስቲ አንድ ልጅ እናስብ። ሰባት ዓመቱ ነው። አይናገርም፤ አንድ ነገር ሲፈልግ የሰው እጅ ይዞ ይጎትታል። ውኃ የሚጠጣው በአንድ ቢጫ ኩባያ ብቻ ነው፤ ኩባያው ከጠፋ ቀኑን ሙሉ ሳይጠጣ ይውላል። ሌሊት ሁለት ሦስት ጊዜ ይነሣል። የሚኖረው ሶዶ ዙሪያ፣ ከዳሞታ ተራራ ግርጌ ነው። ቤቱን እንሰት ከብቦታል፤ አያቱ ደጅ ተቀምጣ ታየዋለች። የደረቀ የእንሰት ቅጠል እየተረተረ ለሰዓታት ሲቀመጥ የሚከለክለው የለም። አጥር አልፎ ቢሄድ ጎረቤቱ ሁሉ ስለሚያውቀው አንዱ እጁን ይዞ ይመልሰዋል። እናቱ ከሰኞ እስከ ዓርብ ማሳ ትውላለች፤ ትችላለች።

አያቱ ሞተች እንበል። መሬቱም ለወንድማማቾች ተከፋፍሎ አልበቃ አለና ቤተሰቡ ከተማ ገባ። አሁን የሚኖሩት ወደ አርባ ምንጭ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ አንድ ክፍል ተከራይተው ነው። ከደጁ ባጃጅና የጭነት መኪና ይመላለሳል። ሌሊት ሲጮህ አከራዩ ግድግዳውን ይደበድባል። እናቱ ገበያ ስትወጣ በሩን ከውጭ ትቆልፋለች፤ አንድ ቀን መስኮቱን ሰብሮ አስፋልቱ መካከል ከተገኘ በኋላ ግን የስድስተኛ ክፍሏ እኅቱ ትምህርቷን ትታ ትጠብቀው ጀመር። የሐኪሙ ወረቀት ያው ነው፤ የተጻፈበት ቁጥርም አልተለወጠም። የልጁ የድጋፍ ፍላጎት ግን ዳሞታ ሥር ከነበረው እጥፍ ድርብ ሆኗል፤ ዋጋውንም የምትከፍለው የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ናት።

ይህን ልጅ ፈጥሬዋለሁ፤ ወላይታን የሚያውቅ አንባቢ ግን የቤቱን አድራሻ ሊነግረኝ ይችላል ብዬ አምናለሁ። ያነሣሁት ደረጃ የሚባለው ነገር በልጁ ውስጥ ብቻ እንደማይኖር ለማሳየት ነው። እኩሌታው ያለው በአጥሩ፣ በጎረቤቱ፣ በአያቲቱና በመንገዱ ላይ ነው። በመስከረም የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታ ሲመጣም ነገሩ ይለወጣል። እንግዳው ይበዛል፤ ዘፈኑ ይደምቃል፤ የቤቱ ሥርዓት ይገለበጣል። ለብዙዎች የዓመቱ ደስታ የሆነው ሳምንት ለዚህ ልጅ የዓመቱ ከባድ ሳምንት ሊሆን ይችላል። ጸጥ ያለ የዘመድ ቤት ተዘጋጅቶ ቢጠብቀው ግን እርሱም በዓሉን በሰላም ሊያሳልፍ ይችላል።

ወላይታ የተደበቀ ችግርን ወደ አደባባይ በማውጣት የራሷ ታሪክ አላት። ቀዩ አፈር ባዶ እግርን ሲያሳብጥ የሚመጣው ፖዶኮኒዮሲስ፣ ሰዉ ዝሆኔ የሚለው፣ ለዘመናት የእርግማንና የዘር ነገር ተደርጎ ሲታይ ኖሯል። ሕሙማን ከሠርግና ከለቅሶ ይርቁ፣ ለትዳርም ይከለከሉ ነበር። በ1990ዎቹ መጨረሻ ሶዶ ላይ ሥራ የጀመረው የሞሲ ፉት ማኅበር በየገጠሩ የሕክምና ጣቢያ ከፍቶ፣ የተሻላቸውን ሕሙማን ራሳቸውን አሠልጥኖ አሰማራ። በ2006 የታተመ ጥናት በሽታው 1.5 ሚሊዮን ሕዝብ በነበረበት ዞን በየዓመቱ ከ16 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንደሚያሳጣ አሰላ። ከሁለት ዓመት በኋላም በደቡብ ኢትዮጵያ ተሞክሮ ባለ አምስት ደረጃ የእብጠት መለያ ወጣ። ያ መለያ ዋጋ ያገኘው ከጀርባው ሳሙና፣ ቅባት፣ ፋሻና ጫማ ስለነበረ ነው። የጣቢያው ሠራተኛ እግሩን አይታ ደረጃውን ስትናገር ከመደርደሪያው ላይ የምታነሣው ነገር ነበራት።

ኦቲዝም ታጥቦ የሚድን እግር አይደለም፤ መዳን ያለበት በሽታም አይደለም። ከዝሆኔው ሥራ የምንወስደው አደረጃጀቱን ነው። መጀመሪያ መደርደሪያው ይሙላ። ምን ይሞላበታል?

አንዱ የእናትና የአባት ሥልጠና ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2 እስከ 9 ዓመት የእድገት ችግር ያለባቸውን ልጆች ለሚያሳድጉ ሰዎች ያዘጋጀው ሥልጠና ዘጠኝ የቡድን ስብሰባና ሦስት የቤት ለቤት ጉብኝት አለው፤ የሚያሠለጥነው ስፔሻሊስት መሆን የለበትም። በኢትዮጵያ ለአገሩ እንዲስማማ ተደርጎ መሞከሩ በ2020 ታትሟል። የሚያስተምረው ከባድ ነገር አይደለም፦ ከልጁ ጋር ቁጭ ብሎ በሚወደው ነገር መጫወት፣ ትልቁን ሥራ በትንንሹ ከፋፍሎ ማሳየት፣ ጩኸት ከመጀመሩ በፊት ምን እንደቀደመው ማስተዋል፣ ደግሞም አሳዳጊው ራሱን እንዳይጥል መጠንቀቅ። በ2003 በተጀመረው ፕሮግራም በየቀበሌው የተሰማሩት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ቤት ለቤት የመሄድ ልማድ አላቸው። በጀርባቸው ያለው ሸክም ብዙ መሆኑን አውቃለሁ። ይህ ሲጨመርባቸው ሌላው ሊቀነስላቸው፣ አበልም ሊታሰብላቸው ይገባል። ከበላያቸው የሚያማክራቸው ሰውም ያስፈልጋል፤ ኦቶና ያለው የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ለዚህ ቅርብ ነው።

ሁለተኛው የሴፍቲኔቱ ነገር ነው፤ እዚህ ላይ ጠበቅ ማለት እፈልጋለሁ። ከ2005 ጀምሮ የሚሠራው የምርታማ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ወላይታን በደንብ ያውቃታል። አሠራሩ ቤተሰቦችን ለሁለት ይከፍላል፦ መሥራት የሚችል ሰው ያለበት ቤት በማኅበረሰብ ሥራ ተሰማርቶ ይከፈለዋል፤ የሚሠራ ሰው የሌለበት ቤት ቀጥታ ድጋፍ ያገኛል። በዚህ ስሌት ያቺ እናት መሥራት የምትችል ናት። እጅና እግሯ ጤነኛ ነው፤ ዕድሜዋ ሠላሳ ነው። ቀኑንና ሌሊቱን ከልጁ ጋር የምታሳልፈው ሰዓት በቅጹ ላይ ቦታ የለውም። ለማኅበረሰብ ሥራ ከወጣች ልጁ ይቆለፍበታል፤ ካልወጣች ክፍያው ይቀርባታል። ፕሮግራሙ ግን ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ከጉልበት ሥራ ነፃ ሆና እንድትከፈል ቀድሞ ተቀብሏል። አንድ ሰው ሌላውን በመንከባከቡ ጉልበቱ እንደተያዘ ማመን ማለት ይህ ነው። ልጁ በቀን ስንት ሰዓት ሰው እንደሚያስፈልገው የተጻፈ መዝገብ ቢኖር፣ ይኸው ሐሳብ ወደ እርሷ ቤት ለመድረስ አንድ እርምጃ ብቻ ይቀረዋል። ደረጃ ወደ ብር የሚመነዘርበት ቦታ በወላይታ ካለ፣ እርሱ ይህ ነው።

ትምህርት ቤቱን በተመለከተ ፖሊሲው አልጠፋም። አገሪቱ የአካል ጉዳተኞችን መብት ስምምነት በ2010 አጽድቃለች፤ የ2012ቱ የልዩ ፍላጎትና አካቶ ትምህርት ስትራቴጂም ሁሉም ልጅ በአካባቢው ትምህርት ቤት እንዲማር ይላል። ስልሳና ሰባ ልጅ የተቀመጠበትን ክፍል ለብቻው የያዘ መምህር ግን ይህን ሲሰማ ምን እንደሚያስብ መገመት አያቅትም። እዚያ ክፍል ውስጥ የደረጃ ቁጥር ሁለት ዓይነት ጉዳት ያደርሳል። ደረጃ 3 የተባለው «ይህ የእኛ አይደለም» ተብሎ ከበር ይመለሳል። ደረጃ 1 የተባለችው ደግሞ ዝም ብላ ጥግ የምትቀመጥ፣ ደብተሯን በንጽሕና የምትጽፍ፣ በእረፍት ሰዓት ብቻዋን አጥሩን እየተከተለች የምትዞር ልጅ ናት። ምንም አያስፈልጋትም ተብላ ትታለፋለች፤ ስምንተኛ ክፍል ላይ ከትምህርት ስትቀር ዐመል ነው ይባላል። ለሁለቱም የሚያስፈልገውን ዘርዝሮ መጻፍ ከቁጥሩ ይሻላል። ለእርሱ፦ በቀን ሁለት ሰዓት፣ ከረዳት ጋር፣ መጸዳጃ ቤት ቅርብ በሆነ ክፍል። ለእርሷ፦ የፈተና ቀን ለውጥ ካለ አስቀድሞ ይነገራት፤ በእረፍት ሰዓት አብራት የምትሆን አንዲት ጓደኛ ትመደብላት።

ሌላው በወላይታ የማይታለፍ ጉዳይ ቋንቋው ነው። ልጆቹ ከእናታቸው ጡት ጋር የሚሰሙት ወላይትኛ ነው፤ የሚማሩትም በላቲን ፊደል በሚጻፈው ወላይትኛ ነው። በአገራችን የተዘጋጀው ጥቂት የኦቲዝም ማስተማሪያ፣ ዘሚ የቀረጹትን አቡጊዳ ፎኔቲክስን ጨምሮ፣ ከአማርኛ ፊደል የተነሣ ነው። ልጁ ይናገራል አይናገርም የሚለውን በአማርኛ ጠይቆ መልስ ያጣ መርማሪ፣ የድጋፍ ፍላጎቱን ከእውነተኛው በላይ አድርጎ ሊጽፈው ይችላል። መጠይቁም፣ የሥዕል ካርዱም፣ የወላጆች ሥልጠናውም በወላይትኛ መሠራት አለባቸው። ሐኪምም መምህርም የሚያሠለጥን ዩኒቨርሲቲ ከተማው ውስጥ እያለ ይህ የሚያቅት ሥራ አይደለም።

አብያተ ክርስቲያናትም አሉ። ወላይታ ውስጥ ቤተሰብ ሲጨንቀው መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ጸሎት ነው። ይህን የምነቅፍ አይደለሁም፤ እናቲቱን አቅፎ አብሯት የሚያለቅስ ሌላ ቦታ የላትም። የሚያሳዝነኝ ልጁ በተደጋጋሚ «ይወጣለታል» እየተባለ ሕዝብ መካከል ሲያዝና ሲጮኽበት ነው። ድምፅ የሚያስጨንቀውን ልጅ ጩኸት ውስጥ ማቆም ሥቃይ ነው። እሑድ ጠዋት ሁለት ወጣቶች ልጁን ሜዳው ላይ ይዘው እናቱ ቁጭ ብላ እንድታመልክ ቢያደርጉ፣ ያ በመዝገቡ ላይ «ሦስት ሰዓት፣ በሳምንት አንዴ፣ ጥበቃ» ተብሎ የሚጻፍ እውነተኛ ድጋፍ ነው።

ይህን ሁሉ ለማንሣት ጊዜው አሁን የሆነበት ምክንያት አለ። የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የቆመ አዲስ ክልል ነው፤ ርእሰ ከተማው ወላይታ ሶዶ ነው፤ መቀመጫዎቹ ግን በአርባ ምንጭ፣ በዲላ፣ በጂንካ፣ በሳውላና በካራትም ተከፋፍለዋል። የአንድ ልጅ ጉዳይ ጤናን፣ ትምህርትን፣ ማኅበራዊ ጉዳይን በአንድ ጊዜ ይነካል፤ ቢሮዎቹ በተለያየ ከተማ ሲሆኑ ልጁ በመካከል ይወድቃል። አዲስ ክልል መመሪያዎቹን ገና እየጻፈ ነውና ለሦስቱም የሚያገለግል አንድ ቅጽ መጻፍ ይችላል። ቅጹ ቀበሌ ላይ ይሞላ፤ በዓመት አንዴ ይታደስ፤ ቤተሰቡ ቤት ሲቀይር እንደገና ይሞላ። የሐኪም ምርመራ ከተገኘ ይጨመርበት፤ ካልተገኘም ድጋፉ አይጠብቀው።

አንድ የቀረ ጥያቄ አለ፤ ከሁሉ ይልቅ ወላጆችን እንቅልፍ የሚነሣው እርሱ ነው። ልጁ ያድጋል። «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» የሚለው የጎረቤት ማጽናኛ ሰባት ዓመቱ ላይ ይሠራ ይሆናል፤ ሠላሳ ዓመቱ ላይ እናቱ አርጅታ፣ እርሱ ከእርሷ በቁመትም በጉልበትም በልጦ ሲገኝ አይሠራም። በወላይታ መሬት ጠባብ ነው፤ መናገር የማይችል ወንድም ድርሻ በቀላሉ ይዋጣል። ለዚህ ነው በዚያ ቅጽ ላይ ከእናቲቱ ስም ቀጥሎ ሁለተኛ ስም የሚጻፍበት መስመር እንዲኖር የምጠይቀው። እርሷ ስትታመም ወይም ስትሞት ልጁን የሚረከበው፣ ድርሻውን በፍርድ ቤት ፊት የሚጠብቅለት ሰው ስም። መስመሩ ባዶ የሆነበት ቤት በዞኑ ማኅበራዊ ጉዳይ ቀድሞ የሚጎበኝ ቤት ይሁን፤ የአካባቢው ዕድርም እናቲቱ በሕይወት ሳለች አንድ ሰው እንዲመርጥ ይጠየቅ።